አምስት እርምጃ ከቀዩ መስመር ወዲህ

ወፊቱን ቀናተኛ ናት ብሎ የሚያማት ሰው አልነበረም። እሷም ራሷን አታማም። ጓደኛዋ አዲስ ጫማ ስትገዛ «በደስታ ጨርሺው» የምትል፣ የጎረቤት ልጅ ስትዳር ሰፈሩን ሁሉ ቀድማ የምትታደም ሰው ናት። ቅናት ግን ቤት መርጦ አይገባም። እሷ ዘንድ የገባው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ነጭ ጋውን ለብሶና ተረከዙ ቀጭን ጫማ ተጫምቶ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ክፍሉን ልንገራችሁ። በዓይን ሕክምናው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የልጆች መመርመሪያ የሚባል ጠባብና ረጅም ክፍል አለ። በአንደኛው ጫፍ ልጅ የሚቀመጥበት ትንሽ ወንበር አለ። ከወንበሩ ፊት ዶክተሩ ባለ ጎማ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። በሌላኛው ጫፍ፣ ከልጁ ወንበር ስድስት ሜትር ርቆ፣ ወለሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ተለጥፏል። ከቀዩ መስመር ወዲያ የምትቆመው ወፊቱ ናት።

ሥራዋ ምንድን ነው ብትሉ፣ ልጅ ማዘናጋት ነው። የአራት ዓመት ልጅ «መብራቱን ተመልከት» ሲባል ዓይኑን ይጨፍናል፣ «አትንቀሳቀስ» ሲባል ይገለበጣል። ወፊቱ ግን ከዶክተሩ ጀርባ ካልሲ ያጠለቀ እጇን ብቅ ታደርግና እንደ ወፍ ታፏጫለች። ልጁ አፉን ከፍቶ እሷን ሲያይ ዶክተሩ የልጁን ዓይን ያያል። ቀላል ይመስላል፤ እስቲ ሞክሩት። ዓመት ላልሞላው ፊትና ድምፅ ይበቃዋል። የሁለት ዓመቱ አንዱን አሻንጉሊት ሁለቴ ማየት አይፈልግም፣ ስለዚህ ኪሷ ስድስት ይይዛል። የአራት ዓመቱ ደግሞ ጥያቄ ነው የሚወደው፤ ወፏ ምን በልታ ሆዷ እንደተነፋ ሲያስብ የመጣበትን ይረሳል። «አይዞህ፣ አያምም» ማለት በዚያ ክፍል ክልክል ነው። አያምም የተባለ ልጅ የሚያም ነገር እንዳለ ወዲያው ይገባዋላ።

እዚያ የተቀጠረችው ለጽዳት ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ሕንፃውን በጩኸት ሲያናውጠው፣ መወልወያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አፏጨች። ልጁ ፀጥ አለ። ዶክተሩ ሳይዞር «ማንም ይሁን፣ እንዳያቆም» አለ። በዚያው ቀረች፤ ስሟም ወፊቱ ሆነ። ቀዩን መስመር ራሱ ተንበርክኮ ለጠፈላትና ምክንያቱን አስረዳት። ልጅ ቅርብ ሲያይ ሁለቱ ዓይኖቹ ይሰበሰቡና ጥፋታቸውን ይደብቃሉ፤ ወደ ውጭ የሚሸሸው ዓይን የሚጋለጠው ሩቅ ሲያይ ነው። ከመስመሩ ወዲያ እስካለች ድረስ ዓይኑ መሆኗን፣ ካለፈችው ግን አሳወረችው ማለት እንደሆነ ነገራት።

እናም ሦስት ዓመት ሙሉ የምታየው ጀርባውን ነው። እሱ ወደ ልጁ ይዞራል፣ እሷም ወደ ልጁ። ማጅራቱ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ ታውቃታለች። ፀጉሩን የተቆረጠ ዕለት ከማንም ቀድማ ታያለች። ሲደክመው ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል። ሲስቅ ደግሞ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። በሦስት ዓመት ውስጥ ያ ትከሻ የተንቀጠቀጠው እሷ ለልጆቹ በምትቀባጥረው ነገር ብቻ ነበር።

ወደደችው። ለራሷ ለማመን እንኳ አንድ ዓመት ፈጀባት። እሱ የዳኛ ልጅ ነው፤ እናቱ ስትገባ የሕክምናው አለቆች ከወንበራቸው ይነሳሉ። እሷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች፣ ከአክስቷ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር። አክስቷ ነገሩን ከፊቷ አንብባ፣ ሰው ቢያንጋጥጥ የሚያመው የራሱን አንገት ነውና አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ ብላታለች። ወፊቱም አርፋ ነበር። የሆዷን በሆዷ ይዛ፣ ማጅራት እያየች፣ ደስ ብሏት ትኖር ነበር።

ከዚያ አዲሷ ሐኪም መጣች። የልጆችን ዓይን ቀዶ በማከም የተካነች፣ ከዶክተሩ ጋር በአንድ ዴስክ የተማረች፣ እናቶቻቸው የልብ ወዳጆች። የካርድ ክፍሏ ወሬኛ በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጋብቻው በቤተሰብ ያለቀ መሆኑን፣ የቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ እንደሆነ ለወፊቱ አበሰረቻት። ወፊቱ «ጥሩ ነዋ፣ ይቅናቸው» አለች። የዚያን ዕለት አሻንጉሊቶቹን በሳሙና ስታጥብ የአንዱን ጆሮ ገነጠለችው።

አዲሷ ሐኪም መጥፎ ብትሆን ኖሮ በቀለላት ነበር። ትሑት ናት፣ ጠዋት ጠዋት እጅ ነስታ ሰላም ትላለች፣ ለጽዳቶቹ በር ትይዛለች። ወፊቱን ያንገበገባት ቁንጅናዋም ትምህርቷም አልነበረም። ልኬት ለመጻፍ ከዶክተሩ ጎን ስትቆም ፊቱን ማየቷ ነው። እሷ ሦስት ዓመት በሥራዋ ያላገኘችውን ፊት ይቺ በሁለተኛው ቀን አገኘችው። ደግሞም ይንሾካሾካሉ። በኮሪደር፣ በደረጃ፣ በምርመራ መሀል ሳይቀር። ወፊቱ ስትቀርብ ዝም ይላሉ። እንግዲህ ይሄ አንጀት አያቃጥልም የምትሉ ካላችሁ፣ እናንተ ወዳችሁ አታውቁም።

ሐሙስ ከሰዓት አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ከአባቷ ጋር መጣች። አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ልጅቷ ራቅ አድርጋ ስታይ ግራ ዓይኗ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ የሰፈር ልጆች «ማንን ነው የምታዪው?» እያሉ ያበሽቋታል። ቀዶ ሕክምናው ለማግስቱ ጠዋት ተቀጥሮ ነበር። የዚያን ቀን የቀረው የመጨረሻው ልኬት ነው። ዶክተሩ አንዱን ዓይን እየሸፈነ፣ ጠርዙ የወፈረ ጥርት ያለ መስታወት እየቀያየረ ከፊቷ ይይዛል፤ የሚያገኘው ቁጥር ሐኪሟ የዓይኑን ጡንቻ ምን ያህል እንደምትስበው ይወስናል። ባለፈው ወር ሠላሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሙከራ አንዱን ዓይኗን በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት በሽፋን እንድትጋርድ ታዞላት ነበር።

ልጅቷ የካልሲዋን ወፍ ወደደቻት፣ ግን ትተኛ አለች። ወፊቱም ወፏን ክንዷ ላይ አስተኝታ፣ እንዳትነቃ ሁሉም ዝም እንዲል በጣቷ ምልክት ሰጠች። ክፍሉ ፀጥ አለ። ልጅቷ እስትንፋሷን ይዛ የተኛችውን ወፍ ማየት ጀመረች። እንዲህ ያለ ፀጥ ያለ ዓይን በወር አንዴም አይገኝም።

በዚያ ፀጥታ መሀል አዲሷ ሐኪም ወደ ዶክተሩ ጆሮ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አለችው። ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

 ያ ትከሻ የወፊቱ ነበር። ሐኪሟ እንደገና ሹክ አለችው፣ እሱም መለሰላት፣ እንደገናም ተንቀጠቀጠ። ምን ብላው ነው? ወፊቱ ጆሮዋን አቆመች፣ አልሰማችም። እግሯ ራሱ ሄደ ብትል ማንም አያምናትም፣ እውነቱ ግን እንደዚያ ነው። አንድ እርምጃ። ለስላሳ የጎማ ጫማዋ ድምፅ የለውም። ሁለት፣ ሦስት። ወፏን ክንዷ ላይ እንዳስተኛች፣ ዓይኗ ማጅራቱ ላይ ተተክሎ፣ አራት፣ አምስት። እጇን ብትዘረጋ ልትነካው ምንም አልቀራት።

አንድም ቃል አልሰማችም። ሹክሹክታው አልቆ፣ ዶክተሩ መስታወቱን ልጅቷ ዓይን ፊት ይዞ ነበር። ዝቅ ብላ ስታይ ቀዩ መስመር ከኋላዋ ነው። እንደመጣችው በቀስታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

«ወፏ እዚህ ድረስ መጣች» አለች ልጅቷ። ትልልቆቹ ሳቁ። ዶክተሩ መስታወቱን አስቀምጦ ቁጥሩን ተናገረ፤ ዐሥራ አምስት። ሽፋኑ ሠርቶላታል፣ ግማሹን አስተካክሎላታል ብሎ በደስታ ለአባትየው አስረዳ። አባትየው የልጁን ግንባር ሳመ። ከዚያ ወደ ወፊቱ መጥቶ እጇን በሁለት እጁ ይዞ አመሰገናት። ያኔ መናገር ነበረባት። አፏ ግን አልከፈት አለ። ተናገርኩ ማለት ለምን ቀረብሽ መባል ነው፤ ለምን ቀረብሽ ለሚለው ደግሞ አንድ መልስ ብቻ ነው ያላት።

ሁሉም ከሄደ በኋላ አሻንጉሊት ማጠቢያዋ ክፍል ገብታ፣ የተረፈ የቀጠሮ ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፈች።

«ዶክተር፣

ዛሬ ልጅቷን ሲለኩ ከመስመሩ አምስት እርምጃ አልፌ ነበር። ዐሥራ አምስት የሆነው ሽፋኑ ስለሠራ ሳይሆን እኔ ስለቀረብኩ ነው። እባክዎ ነገ ዓይኗ ሳይነካ እንደገና ይለኩ።

ለምን ቀረብሽ ካሉኝ፣ ቀንቼ ነው። ምን እንደምትልዎ ለመስማት ነው። ቆንጆ ናት፣ የተማረች ናት፣ ደግሞ ፊትዎን ታያለች። እኔ ሦስት ዓመት ያየሁት ማጅራትዎን ነው፣ እሱንም ቢሆን ወድጄዋለሁ። ከሥራ ቢያስወጡኝ አልከፋም። ልጅቷን ብቻ።»

ደብዳቤውን ልጅቷ ማኅደር ውስጥ ከታ ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ማኅደር ሁሉ ጠዋት መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ እጅ ነው። ያላወቀችው ነገር ቢኖር፣ አዲሷ ሐኪም ከመጣች ወዲህ ቀዶ ሕክምና ያለባቸው ልጆች ማኅደር በዋዜማው ተሰብስቦ ወደ እሷ ቢሮ እንደሚሄድ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አዲሷ ሐኪም አስጠራቻት። ወፊቱ በሩን ስትከፍት ወረቀቱን በሐኪሟ እጅ አየችው። ምድር ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

«ይሄ የተጻፈው ለእኔ አይደለም መሰለኝ» አለች ሐኪሟ።

ወፊቱ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ልዋሽሽ አልፈልግም፣ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ስለ እኔ ከጻፍሽው ‹ቆንጆ ናት› ያልሽው ብቻ ነው ልክ።» ወረቀቱን አጥፋ ዘረጋችላት። «ልጅቷን እንደገና እናስለካታለን። ትናንት ደክሟት ነበር እላለሁ። የቀረውን እኔ አልናገርም፤ የራስሽ ነው።»

ወፊቱ ወረቀቱን ኪሷ ውስጥ ከተተችው። የምትጠላት ሴት ገበናዋን ስለሸፈነችላት ይበልጥ ከፋት። በቅናት ላይ ውለታ ሲጨመር ምን ያህል እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል።

ልኬቱ ተደገመ። ወፊቱ ከቀዩ መስመር ወዲያ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ቆመች፤ የካልሲዋ ወፍ ስትበር፣ ስትወድቅ፣ ስትነሳ ልጅቷ ትስቃለች። የልጅቷ ግራ ዓይን ቀስ ብሎ ወደ ውጭ ሸሸ። ዶክተሩ መስታወቱን ቀየረ፣ እንደገና ቀየረ። እጁ ቆመ።

«ሠላሳ» አለ።

 ግራ ትከሻው ወረደ። ከዚያ እስክሪብቶ አንስቶ ማኅደሩ ላይ እየጻፈ፣ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን፣ ትናንት ያገኘው ቁጥር ደስ ስላለው ሳይጠራጠር እንዳመነው፣ በትናንቱ ልኬት ቀዶ ሕክምናው ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ሁለተኛ ቢላዋ ሥር ትገባ እንደነበር ተናገረ። ለአባትየው ራሱ እንደሚነግረው ገልጾ፣ ከዛሬ ጀምሮ ልጆቹን ሌላ ሰው እንዲለካቸው አዲሷን ሐኪም ጠየቃት። 

ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ደብዳቤው ኪሷ ውስጥ ነው፣ ሐኪሟ ቃሏን ሰጥታለች፣ ማንም አያውቅባትም። ግን ያ ትከሻ በእሷ ጥፋት ወርዶ ማየት አልቻለችም።

«የእርስዎ ጥፋት አይደለም» አለች። «መስመሩን ያለፍኩት እኔ ነኝ። አምስት እርምጃ።»

በርጩማው ዞረ። በሦስት ዓመት ውስጥ በዚያ ክፍል ወደ እሷ ሲዞር የመጀመሪያው ነው።

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

አዲሷ ሐኪም ልጅቷን ከወንበሩ አንስታ አቀፈቻት። «እኔ ቁጥሬን አግኝቻለሁ፤ ሌላው የእናንተ ነው» ብላ ወጣች።

ወፊቱ ደብዳቤውን አውጥታ ሰጠችው። ሲያነብ ቆማ አየችው። ይሄ ነው እንግዲህ ያንን ሁሉ ያቃጠላት ፊት። ቅንድቡ ይሰበሰባል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኑ ሥር ድካም አለ። ለማየት የጓጓችለት ፊት ተቆጥቶ ነበር።

«የሰው ዓይን እኮ ነው» አላት ዝግ ብሎ። «የአራት ዓመት ልጅ ዓይን።»

«አውቃለሁ።»

«ሂጂና ለአባቷ ራስሽ ንገሪው።»

አባትየው ቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ወፊቱ ፊቱ ቆማ ምንም ሳትሸሽግ ነገረችው። የቀናችበትን ሳይቀር።  ሰውየው በየቀኑ ስልሳ ሰው ጭኖ እንደሚነዳ፣ አንድ ቀን ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ወጥቶ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሳለ መስመር ስቶ እንደነበር፣ ማንም አልተጎዳም ብሎ ለማንም አለመናገሩን አወራላት።

«አንቺ ተናግረሻል» አላት። «ከጎኔ ተቀመጪ። ልጄ እስክትወጣ ድረስ ግን አታናግሪኝ።»

ተቀመጠች። ቆይቶ ዶክተሩ መጣና ከፊት ለፊታቸው ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።  ወፊቱ ከሥራ ወጣሁ፣ እሱንም አጣሁት ብላ በሆዷ ጨረሰችው። ከሁሉ የከበዳት ግን በሩ ነበር። ያ በር እስኪከፈት ድረስ ለራሷ ማልቀስ እንኳ ሐፍረት መሰላት።

በሩ ተከፈተ። አዲሷ ሐኪም ጭምብሏን ወደ አገጯ አውርዳ፣ ልጅቷ ደህና መሆኗን፣ ሁለቱም ዓይኖቿ ቀጥ ብለው መቀመጣቸውን ነገረቻቸው። አባትየው ተንደርድሮ ገባ። ሐኪሟ ሁለቱን አይታ ራሷን ነቅንቃ ተከተለችው።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለ ዶክተሩ።

«ልክ ነዎት።»

«ያን ያህል ቀርበሽ ግን ምን ሰማሽ?»

«ምንም። አንድ ቃል አልሰማሁም።»

ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ስለ አንቺ ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት እየጠየቅኳት ነበር። ሁለት ሳምንት የተንሾካሾክነው ይሄንኑ ነው። እሷም ለራሷ እናት የምታስተዋውቀው ሰው አላት። ትናንት ያሳቀችኝ፣ ‹ከእናትህ በፊት መጀመሪያ ለራሷ ለወፊቱ ንገራት፤ ከኋላህ እኮ ነው የቆመችው› ብላኝ ነው።»

ወፊቱ ለመረዳት ጊዜ ወሰደባት። ያ ሁሉ ንዴት፣ ያ የተገነጠለ የአሻንጉሊት ጆሮ፣ ያ አምስት እርምጃ። የቀናችው በራሷ ላይ ኖሯል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ መጀመሪያ የመጣባት ግን ቁጣ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው። አንተ ማለቷን እንኳ ልብ አላለችም። «ሦስት ዓመት ጀርባህን ሰጥተኸኝ። ለሰው ሁሉ ሹክ ስትል ለእኔ አንዲት ቃል ያጣህልኝ ለምንድን ነው?»

«ፈራሁ» አላት። «ዞሬ ባይሽና እምቢ ብትይኝ፣ በማግስቱ ከፊትሽ ተቀምጬ መሥራት አልችልም ነበር።»

ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። እሱ ዓይኑን ከፊቷ አላነሳም። የስንቱን ልጅ ዓይን ስትይዝ የኖረችው ወፊቱ የራሷን የት እንደምታሳርፈው ጠፋባት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች።